የማዶ ዝናብ

አገሩ የት እንደሆነ አትጠይቁኝ። ከተራራው ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ እያላችሁም አታድርቁኝ። እኔ ራሴ ነገሩን ባሰብኩት ቁጥር ግራ እየገባኝ ነው የምነግራችሁ። አንዳንዱ ነገር ሲያወሩት ይቀላል፤ ይሄኛው ግን ባወሩት ቁጥር ይብሳል። ቢሆንም ተቀመጡና ስሙኝ።

በዚያ አገር አንድ የቆየ ልማድ ነበር። ልጅ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ሽማግሌዎች ተሰብስበው አንድ ከረጢት የማሽላ ዘር አንገቱ ላይ ያንጠለጥሉለታል። ለሴቷም እንደዚሁ ነው። «ይህን አትብላ፤ ይህን አትሽጥ» ብለው ይመርቁታል። ከዚያ ወዲያ ሰው ሆነ ይባላል። «ዝራው» የሚል ቃል በምርቃቱ ውስጥ አልነበረም፤ ዘር እንደሚዘራ ለማን ይጠፋዋል ብለው ይሆናል መቼስ። «አትወራረድበት» የሚልም አልነበረም። በሽማግሌዎቹ አልፈርድም፤ እንዲህ ያለ ነገር ማን ያስባል?

ከተራራው ባሻገር ደግሞ ማዶ የሚባል አገር አለ ይባላል። ሄዶ ያየው የለም። ሰማዩ ግን ዝነኛ ነው። አንድ ዓመት ላይ በገበያው ዳር «የማዶ ቤት» የተባለ ረጅም አዳራሽ ተሠራ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ወንበሮቹ ሁሉ ፊታቸውን በተራራው በኩል ወዳለው ግድግዳ ያዞሩ ናቸው። በተራራው ጫፍ ላይ አንድ ሰው ቆሞ ጨርቅ ያውለበልባል፤ አብሳሪ የሚሉት ሰውዬ በግድግዳው ቀዳዳ አጮልቆ ያየዋል፤ ከዚያም ዞሮ «ማዶ ዘነበ!» ወይም «ማዶ አልዘነበም!» ብሎ ይጮኻል። ወጣቶቹ ከመጮኹ በፊት ዘራቸውን ጠረጴዛው ላይ አፍስሰው ይወራረዳሉ። ጨዋታው ይኼው ነው። ሌላ ነገር ያለው መስሏችሁ ከሆነ የለውም።

ወጣቶቹ የማዶን ደመናዎች በስም ያውቋቸዋል። «ጥቁሯ» የምትባል አለች፣ «አባ ነጎዳ» አለ፣ «ገለሜ» የምትባል ለረጅም ጊዜ ያልቀናት አለች። እያንዳንዱ የሚወደውን ደመና ቀለም የያዘ ነጠላ ይደርባል። «ዘንድሮ የኛዋ ጉልበት አላት» ይላል አንዱ። «የእናንተዋማ አምና ሳታካፋ ነው ያለፈችው፣ ዝም በል!» ይላል ሌላው። በዚህ ተጣልተው የተፈነካከቱ ወንድማማቾች አሉ። ከራሳቸው ጎጆ በላይ ያለውን ደመና ስም ብትጠይቋቸው ግን ዓይናቸውን ያፈጡባችኋል።

ያሸነፈውን በበቅሎ አስቀምጠው፣ እምቢልታ እየነፉ፣ ከተማውን ያዞሩታል። የተሸነፈው በጓሮ በር ይወጣል። ለጓሮ በር እምቢልታ የለም። ስለዚህ ከተማው በጆሮው የሚሰማው የአሸናፊዎችን ድምፅ ብቻ ነበር። እናቶች ሳይቀሩ «የማን ልጅ ቀናው ደግሞ?» እያሉ ከደጃቸው ብቅ ይሉ ነበር።

ነገሩ እየከፋ ሲሄድ ሽማግሌዎች ቤተ መንግሥት ገብተው አለቀሱ። ቤተ መንግሥቱም አዝኖ የክልከላ ቤት አቋቋመ። ሹሙ ሊቀ ከልካይ ወርቅአፈራሁ ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም፤ እውነቱን ልናገር፣ ስለ ወጣቱ ሲናገር እንባው ይቀድመዋል። የክልከላ ቤቱ ግን የሚተዳደርበት ስለሌለው፣ ከእያንዳንዱ ውርርድ አንድ እፍኝ ዘር «የክልከላ እፍኝ» ተብሎ እንዲሰጠው ተወሰነ። ውርርዱ በበዛ ቁጥር ክልከላው ይጠነክራል ተባለ። ያኔ ሁሉም አጨበጨበ። እኔም ብኖር አጨበጭብ ነበር መሰለኝ፤ ሲሰሙት ደስ ይላላ!

የመጀመሪያው አዋጅ «ጢም ያላበቀለ አይገባም» የሚል ነበር። በሳምንቱ የአገሩ ፍየሎች ሁሉ ጢማቸውን ተላጭተው ታዩ። ሁለተኛው አዋጅ «ያለ አባቱ የመጣ አይገባም» አለ። ወዲያው በማዶ ቤት በር ላይ የሚከራዩ አባቶች ተደረደሩ፤ በቁመት የሚስማማውን መርጦ መግባት ነው። ሊቀ ከልካይ በዚህ ጊዜ በጣም ተናደደና ሦስተኛውን አዋጅ አወጣ። ከእንግዲህ ከእያንዳንዱ ውርርድ በፊት አንድ ከልካይ ከበሮ መትቶ «ወጣቶች ሆይ፣ አትወራረዱ!» ብሎ ማስጠንቀቅ አለበት። ማስጠንቀቂያ ያልተነገረበት ውርርድ አይጸናም፤ ከተነገረበት በኋላ ግን ማንም ዘሩን መልሶ ማንሳት አይችልም።

ውጤቱን ገምታችሁታል። ከበሮው በተመታ ቁጥር ወጣቱ ከየቤቱ፣ ከየጠላ ቤቱ፣ ከየመኝታው እየተነሣ ይሮጥ ጀመር። «አትወራረዱ!» የሚለው ቃል «ኑ፣ ተጀመረ!» ማለት ሆነ። ሊቀ ከልካይ ሰው ሲሮጥ እያየ «ማስጠንቀቂያችን ምን ያህል እንደሚሰማ ተመልከቱ» ይል ነበር።

እንግዲህ ወደ ትርንጎ ልውሰዳችሁ።

ትርንጎ እናትና አባቷ ሞተውባት ታናሽ ወንድሟን ይርዳውን ያሳደገች ልጅ ናት። የራሷን ከረጢት አምና ዘርታው ዝናብ ቀርቶ መሬት ውስጥ ደርቆ ቀረ። ይርዳው ደግሞ የራሱን በማዶ ቤት ጨረሰ። ለቤቱ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናታቸው ከምድጃው በላይ ጢስ ላይ አንጠልጥላ የተወችው የማሽላ ራስ እስር። ነቀዝ እንዳይነካው ነው ከጢሱ ላይ የሚሰቀለው። ያ ከጠፋ መሬታቸው ላይ የሚወርድ አንዲት ፍሬ የለም፤ ከየትም አይመጣም።

አንድ ጠዋት ይርዳውን ከምድጃው አጠገብ ቆሞ ወደ ላይ አንጋጦ አገኘችው።

«ምን ታያለህ?» አለችው።

«እታለም፣ የዛሬው እርግጠኛ ነው» አለ ሳያያት። «ጥቁሯ ተነሥታለች ብለዋል። ማዶ ይዘንባል። አንድ ጊዜ ብቻ። የኔንም ያንቺንም አስመልሳለሁ፤ ከዚያ እዘራዋለሁ፣ እውነቴን ነው።»

«የኛስ ደመና? ከበላይህ ያለው ተነሥቷል ወይ?»

ይርዳው ዞሮ አያት። «የኛ ምን አለው?» አለ ግራ ተጋብቶ። እየተሳለቀባት አልነበረም። የምትለው ነገር በእውነት አልገባውም ነበር፤ እሷን ያስደነገጣትም ይኼ ነው።

ትርንጎ ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ወደ ክልከላ ቤት ሄደች። ሊቀ ከልካይ ወርቅአፈራሁ በክብር ተቀበላት፤ ወንበር አስመጣላት፤ ነገሯን እስከ መጨረሻ ሰማት። ሰምቶም አለቀሰ።

«ይከልክሉልኝ፣ ጌታዬ» አለችው። «ወንድሜ የመጨረሻውን ዘር ሊወስድብኝ ነው።»

«እንከለክላለን ልጄ፣ ሥራችን ነው» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «መጀመሪያ ግን ተወራራጅ መሆኑ መታወቅ አለበት። የራሱ ከረጢት ምን ያህል ቀርቶታል?»

«ምንም አልቀረውም።»

የሊቀ ከልካይ ፊት በራ። «እንግዲያው ተከልክሏል ማለት ነው! ምንም የሌለው ሰው በምን ይወራረዳል? እንኳን ደስ ያለሽ።»

«የቤቱን ዘር ሊወስድ ነው እኮ የምልዎት!»

«እሱን ሲወስድ ተወራራጅ ይሆናል፤ ያኔ እንከለክለዋለን። ከበሮውን እኔ ራሴ እመታለታለሁ፣ ላንቺ ስል።»

«ከበሮው ከተመታማ አለቀ! መልሶ ማንሳት አይችልም ብላችኋል።»

«ሳይከለከል ይወራረድ እንዴ ታዲያ?» አለ ደንግጦ።

 ትርንጎ የመጣላትን ተናገረች። «ለምን ቤቱን አትዘጉትም?»

ሊቀ ከልካይ ወደ በሩ ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጄ፣ እኔም አስቤው አውቃለሁ። ቤቱ ከተዘጋ እፍኙ ይቀራል። እፍኙ ከቀረ ክልከላ ቤቱ ይዘጋል። ክልከላ ከሌለ ደግሞ ወጣቱ ሁሉ ተወራራጅ ይሆናል። አየሽው? የትኛውም ጋ ብጀምር እዚያው ነው የምገኘው። እንቅልፍ ካጣሁ ቆየሁ።»

እውነቱን ነበር፤ ዓይኖቹ ቀልተዋል። ትርንጎ ስትገባ የገባት ነገር ስትወጣ ጠፋባት። ጭንቅላቷን ይዛ ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ ከምድጃው በላይ ያለው ገመድ ባዶውን ይወዛወዝ ነበር። ይርዳው እስሩን በትከሻው አንግቶ ሮጧል።

እሷም ሮጠች። መንገድ ላይ እያለች ሰማዩ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ዝናቡ መጣ። በዚያ አገር፣ በነሱ መሬት ላይ፣ ከአምና ጀምሮ ሲጠበቅ የነበረው ዝናብ ያለ ምንም አዋጅ ወረደ። ትርንጎ እያለቀሰችና እየሳቀች መሮጧን ቀጠለች፤ ደስ ይበላት ወይስ ይክፋት አላወቀችም።

በማዶ ቤት በር ላይ ጠባቂው አገዳት። «አባትሽስ?»

«ሞቷል።»

«ያለ አባት አይገባም።»

ከጣሪያው ጥግ ሥር ከተደረደሩት ተከራይ አባቶች መካከል አያ ጥጋቡ የሚባሉ ሽማግሌ ተነሡ። በዚያ ቤት ከሰው ሁሉ በፊት ዘራቸውን የጨረሱ እሳቸው ናቸው ይባላል። እርጥብ ነጠላዋን አዩና «ልጄ ናት» አሉ ለጠባቂው። ወደ እሷ ዞረውም «ለዛሬ በነፃ ነው፤ ግቢ» አሏት።

ውስጡ ጢም ብሏል። ሁሉም ጀርባውን ለበሩ ሰጥቷል። የዝናቡ ውርጅብኝ የቆርቆሮውን ጣሪያ ያንቀጠቅጠው ነበርና ወጣቶቹ ተቆጥተዋል። «ይሄን ጩኸት አንድ በሉት! አብሳሪውን ልንሰማው አልቻልንም!» ይላል አንዱ። «ማዶ ይዝነብ አይዝነብ እንዴት ልንሰማ ነው?» ይላል ሌላው።

«ዝናብ መጥቷል!» ብላ ጮኸች ትርንጎ ከኋላ። «ሰዎች፣ ዘነበ!»

አዳራሹ በአንድ ጊዜ ዞረ። «ማዶ?» አሉ።

«እዚህ! እኛ ላይ!»

አንድ ባለ ጥቁር ነጠላ ወጣት እጁን አወናጨፈ። «እዚህ ውርርድ የለም እኮ» አላት፤ ቁጣ የለበትም፣ እንዳልገባት ሰው ሊያስረዳት ነው። ሁሉም ወደ ግድግዳው ተመለሰ።

ይርዳው ከፊት ነበር። የእናታቸው እስር ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ከፍ ባለው መደብ ላይ ሊቀ ከልካይ ወርቅአፈራሁ በገባው ቃል መሠረት ራሱ መጥቶ፣ ከበሮውን ታጥቆ፣ ዱላውን አንሥቷል። ከበሮው ገና አልተመታም። ትርንጎ ሰው እየገፈተረች ከእግሩ ሥር ደረሰች።

«ጌታዬ፣ አይከልክሉ!» አለችው።

«ምን?»

«አይምቱት! ካልመቱት አይጸናም። እስሩን አንሥተን እንሄዳለን። ውጭ ዝናብ ነው። እግዜር ያሳይዎት፣ ዛሬን ብቻ አይከልክሉ!»

ሊቀ ከልካይ ዱላውን እንዳነሣ ቀረ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። «ካልከለከልኩ ከልካይ አይደለሁም» አለ ለራሱ። «ከከለከልኩ ደግሞ... ቆይ... ቆይ እስቲ...» ላቡ በጢሙ ወረደ። ይርዳው በዚህ መሀል እህቱን አያት። ከነጠላዋ ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል። እጁን ዘርግቶ ነጠላዋን ነካ፤ ጣቶቹንም አየ። «ይሄ የኛ ነው?» አላት። እጁን ወደ እስሩ ሰደደ።

አዳራሹ ግን መታገስ አቃተው። «ይከልክለን እንጂ! ይከልክለን!» እያለ በእግሩ መሬቱን ደበደበ። የሊቀ ከልካይ ክንድ ደግሞ ለብዙ ጊዜ ሲሠራ የኖረውን እንጂ ሌላ አያውቅም። ዱላው ወረደ።

«ወጣቶች ሆይ» አለ እያለቀሰ፣ «አትወራረዱ!»

ቤቱ በደስታ ተናጋ። አብሳሪው አጮለቀ። ዞሮም «ማዶ አልዘነበም!» አለ። አንድ ሰው እስሩን በመጥረጊያ ወደ ማዶ ቤት ጎተራ አፍ ገፋው። አለቀ።

በጓሮ በር ወጡ። ዝናቡ አላባራም። ይርዳው ባዶ እጁን ዘርግቶ ዝናቡ ሲሞላበት፣ ሲፈስበት ያያል። ትርንጎ ከፊት ከፊቱ ትሄዳለች። እቤት ሊደርሱ ሲሉ ቆመች።

«ልጠላህ ፈልጌ ነበር» አለችው። «መንገዱን ሁሉ ሞከርኩ። አልቻልኩም፤ እሱ ደግሞ አናደደኝ።»



አሁን ግራ ከሚያጋባኝ ሁሉ በላይ ግራ ወደሚያጋባኝ ደረስኩ። ይርዳው ያን ዕለት እስሩን አንግቶ ሲሮጥ፣ ማሽላው በጢስ የደረቀ ነበርና ፍሬው ከትከሻው እየረገፈ ነበር። ከኋላው የሮጡት ወጣቶችና አህዮች ረገጡት፤ ጭቃው ዋጠው። ዝናቡ ሰንብቶ ፀሐይ ሲወጣ፣ ከትርንጎ ደጃፍ የተነሣ፣ በገበያው በኩል የታጠፈ፣ እስከ ማዶ ቤት በር ድረስ የሚሄድ አረንጓዴ መስመር በመንገዱ መሀል በቀለ። ዘር ያለቀበት ቤት ከመንገድ ላይ ዘር አገኘ።

ይርዳው መጀመሪያ ሲያየው ተንበረከከ። ከዚያ እሾህ ቆርጦ ዙሪያውን አጠረ። ሳር ሲበዛበት አረመው። ከበሮው ተመትቶ ወጣቱ ሲግተለተል መሀል ላይ ቆሞ እጁን ዘርግቶ «አትርገጡ» ይላል። ሌላ ቃል አልነበረውም። አንዳንዱ ይሰድበዋል፣ አንዳንዱ በጭቃው ዞሮ ያልፋል፤ ዞሮ እስኪደርስ ግን ውርርዱ ተዘግቶ ይጠብቀዋል። አንዳንዱም እንዲያው ግራ ተጋብቶ ይቆማል። አያ ጥጋቡም ከማዶ ቤት በር ተነሥተው ከሱ ጋር ይቆሙ ጀመር፤ ማንም ሳይከራያቸው።

እፍኙ ቀነሰ። የክልከላ ቤቱ ከበሮ ቆዳው ሲላላ የሚቀየርበት ጠፋ። በዚህ ጊዜ ይርዳው ተከሰሰ። ክሱ «ያለ ሥልጣን መከልከል» ይላል።

«ማን ፈቀደልህ?» አለው ሊቀ ከልካይ።

«ማንም» አለ ይርዳው። «እኔ አትወራረዱ አላልኩም። አትርገጡ ነው ያልኩት።»

«አንተ ልጅ፣ ክልከላን ከሥሩ ልታጠፋው ነው! ወጣቱ ካልመጣ ማንን እከለክላለሁ?»

ከዚያ ሊቀ ከልካይ ይርዳውን ከመከልከል ሊከለክለው ጀመረና ሐሳቡ መሀል ላይ ቆመበት። ይርዳው ከተከለከለ ሰው ይገባል፤ ሰው ከገባ ይወራረዳል፤ ስለዚህ ክልከላው... ጸሐፊዎቹን አማከረ። ጸሐፊዎቹ ተጣሉ። በመጨረሻ ነገሩ ለቤተ መንግሥት ይቅረብ ተባለ። እስከማውቀው ድረስ አሁንም እየቀረበ ነው።

ማሽላው ግን ውሳኔ አልጠበቀም። የሰው ቁመት አለፈ፤ ራስ አወጣ፤ ቀላ። ትርንጎ ማለዳ ማለዳ ወጥታ ወፍ ትጠብቃለች፣ ይርዳው ሰው ይጠብቃል።

አንድ ቀን ከበሮው ሲመታ፣ በማዶ ቤት ጥግ ተወልዶ ያደገ አንድ ጎረምሳ፣ ከረጢቱ አንገቱ ላይ እየዘለለ እየሮጠ መጣ። ከማሽላው ሲደርስ ቆመ። የሽማግሌዎቹ እርሻ ከወንዙ ወዲያ ስለሆነ ይህን ነገር በቅርብ አይቶት አያውቅም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«ማሽላ» አለ ይርዳው።

«ማሽላማ ይሄ ነው» አለ ጎረምሳው ከረጢቱን ከፍ አድርጎ።

«እሱ ነው ይሄ።»

ጎረምሳው ከረጢቱን ፈታ። አንዲት ፍሬ አወጣና መዳፉ ላይ አያት። አገዳውን ከሥር እስከ ጫፍ አየ። ተመልሶ ፍሬዋን አየ። ሊያገናኛቸው አልቻለም፤ ግንባሩ ተቋጠረ።

«ከአንዷ ነው ይሄ ሁሉ?»

«ከአንዷ።»

«እና ስንት መለሰች?» አለ። ሌላ ጥያቄ አያውቅም፤ ያደገው በዚህ ነው።

ይርዳው አንዱን ራስ ጎንበስ አድርጎ ሰጠው። «ቁጠር» አለው።

ጎረምሳው በጣቱ ይቆጥር ጀመር። ትንሽ ሄደና ጠፋበት፤ እንደገና ጀመረ። ከወዲያ ሊቀ ከልካይ ዱላውን አንሥቶ «ወጣቶች ሆይ፣ አትወራረዱ!» እያለ ይጮኻል። ልጁ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ወደዚያ አየ። ከዚያ «ዝም በሉ እስቲ፣ ቁጥሩን አጠፋችሁብኝ» ብሎ አጎነበሰና ከመጀመሪያው ጀመረ።

እኔ ከዚያ አገር ስወጣ ገና እየቆጠረ ነበር።